ለሴል ማሳደጊያ የትኛው ግሉታሚን? የአራት አማራጮች ንጽጽር

ሴሎች ከአካል ውጭ የሚያድጉበትን ፈሳሽ ምግብ (ሚዲያ) በያዘው ጠርሙስ ላይ «4 ሚሊሞላር ግሉታሚን» ተብሎ ተጽፏል፤ ሚሊሞላር በሊትር የአንድ ሞል አንድ ሺኛ ማለት ነው። ሚዲያው ከተዘጋጀ ወራት አልፈዋል፤ ከማቀዝቀዣ አልወጣም፣ ክዳኑ አልተከፈተም፣ የአሲድነት ለውጥን የሚያሳየው የፌኖል ሬድ ቀለሙም አልተለወጠም። ያም ሆኖ በውስጡ 4 ሚሊሞላር ግሉታሚን የለም። ጽሑፉ የሚናገረው ስለተዘጋጀበት ቀን ብቻ ነው።

በሴል ማሳደጊያ ሚዲያ ውስጥ ካሉት አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹ ውሃ ውስጥ ገብተውም ለረጅም ጊዜ ሳይበላሹ ይቆያሉ። ሲስቴይን ከኦክሲጅን ጋር የማይስማማ ነው፤ ግሉታሚን ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ ያፈርሳል። አምራቾች በተለያየ መልክ የሚሸጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ነጻ ኤል-ግሉታሚን አለ፤ ከአላኒን ጋር የተጣመረ አለ፤ ከግላይሲን ጋር የተጣመረም አለ። አንዳንድ ሴሎችን ደግሞ ግሉታሚን ከናካቴው ነፍጎ የቅርብ ዘመዱ በሆነው አሚኖ አሲድ፣ በግሉታሜት፣ ማሳደግ ይቻላል።

የቱ ይሻላል የሚለው ጥያቄ በደፈናው መልስ የለውም። ሁለት ነገር ሲታወቅ ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ ራሱን ያሳያል፦ ሚዲያው ከተዘጋጀ በኋላ እስኪለወጥ ስንት ቀን ይቆያል? በሙከራው የሚለካውስ ምንድን ነው? የካታሎግ ገጽ ላይ ጎልቶ የሚታየው የንጽህና መቶኛ ከእነዚህ ከሁለቱ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ነጻው ኤል-ግሉታሚን

ነጭ፣ ክሪስታላዊ ዱቄት ነው። ሞለኪውላዊ ክብደቱ 146.14 ሲሆን በደረቅነቱ በክፍል ሙቀት ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፤ እርጥበት እንዳይገባበት ክዳኑን ማጥበቅ በቂ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ውሃ ሲነካው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1955 ሃሪ ኢግል የአጥቢ እንስሳት ሴሎች ከአካል ውጭ ለመኖር የትኞቹ አሚኖ አሲዶች እንደሚያስፈልጓቸው አንድ በአንድ ሲፈትሽ፣ ግሉታሚን የግድ ከሚያስፈልጉት መካከል ሆኖ አገኘው። የሚፈለገውም ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ነበር። ሰውነት ግሉታሚንን ራሱ መሥራት ስለሚችል ይህ በወቅቱ የሚያስገርም ውጤት ነበር። ምክንያቱ ሴሎቹ ግሉታሚንን ለፕሮቲን መሥሪያ ብቻ የሚጠቀሙበት ባለመሆናቸው ነው፤ ናይትሮጅኑ ለዲኤንኤና ለአርኤንኤ መሠረቶች ግንባታ ይውላል፣ የካርቦን አጥንቱም ወደ ሲትሪክ አሲድ ዑደት ገብቶ ኃይል ይሰጣል።

የተለመዱት ሚዲያዎች ቀመር ይህንኑ ፍላጎት ያንጸባርቃል። የኢግል ሚዲያ 2 ሚሊሞላር፣ ዲኤምኢኤም 4 ሚሊሞላር፣ አርፒኤምአይ 1640 በሊትር 300 ሚሊግራም ማለትም 2 ሚሊሞላር ያህል፣ የሃም ኤፍ 12 ደግሞ 1 ሚሊሞላር ይይዛሉ። በሰው ደም ፕላዝማ ውስጥ ያለው ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሞላር ገደማ ብቻ ነው። ዲኤምኢኤም ውስጥ የሚኖር ሴል ከደም ጋር ሲነጻጸር በግሉታሚን ባሕር ውስጥ እየዋኘ ነው ማለት ነው። ከዚህ ትርፍ ከፊሉ፣ በእኔ እይታ፣ ሳይበላ ለሚባክነው ድርሻ መጠባበቂያ ሆኖ ያገለግላል።

ብክነቱ እንዴት እንደሚፈጠር ማወቅ ይጠቅማል፤ የሌሎቹ አማራጮች ጥቅምና ጉዳት የሚገባን ከዚህ ተነስተን ነው። ግሉታሚን በአንድ ጫፉ ነጻ የአሚን ቡድን፣ በጎን ሰንሰለቱ ጫፍ ደግሞ የአማይድ ቡድን አለው። ሰንሰለቱ ርዝመቱ ልክ ስለሆነለት አሚኑ ተጠማዝዞ የራሱን ጎን ይነክሳል። ከዚህ ፒሮግሉታሜት የሚባል ባለ አምስት ማዕዘን ቀለበት ይፈጠራል፤ የአማይዱ ናይትሮጅንም አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ኢንዛይም አያስፈልግም፣ ባክቴሪያም አያስፈልግም። ሙቀት ያፋጥነዋል። ፎስፌትና ባይካርቦኔትም ያፋጥኑታል፤ ሁለቱም ደግሞ በሁሉም ሚዲያ ውስጥ አሉ ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው ግሉታሚን ሲበላሽ ግሉታሜት የሚሆን ይመስለዋል። ቢሆንማ ጉዳቱ በቀለለ ነበር፤ ግሉታሜትን መልሰው ወደ ግሉታሚን የሚለውጡ ሴሎች አሉና። ፒሮግሉታሜት ግን ለአብዛኞቹ ሴሎች ምግብነት የለውም። አሞኒያው ደግሞ መርዝ ነው።

በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሴል በሌለበት ሚዲያ ውስጥ፣ የግሉታሚን ግማሹ ለመፍረስ የሚወስድበት ጊዜ በግምት አንድ ሳምንት ነው፤ እንደ ፒኤቹና እንደ ጨዎቹ ዓይነት ከፍ ዝቅ ይላል። በዚህ ስሌት 4 ሚሊሞላር ይዞ ኢንኩቤተር (ሴሎች የሚያድጉበት ሙቀቱ የተጠበቀ ሳጥን) ውስጥ የገባ ሚዲያ በሳምንቱ ወደ 2 ሚሊሞላር ይወርዳል፣ 2 ሚሊሞላር የሚጠጋ አሞኒያም ይኖረዋል። ስሱ የሆኑ ሴሎች ከ2 እስከ 5 ሚሊሞላር ባለው አሞኒያ እድገታቸው መጓተት ይጀምራል። በማቀዝቀዣ ውስጥ ፍጥነቱ እጅግ ይቀንሳል፤ አይቆምም እንጂ።

እንግዲህ ነጻው ግሉታሚን መቼ ይመረጣል? ሚዲያው በየሁለትና ሦስት ቀኑ የሚለወጥ ከሆነ፣ ግሉታሚኑም ከመጠቀም ጥቂት ቀደም ብሎ የሚጨመር ከሆነ፣ ከዚህ የተሻለ መፈለግ ብዙም አያስፈልግም። ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት የታተሙት ውጤቶችም የተገኙት በእሱ ስለሆነ ማነጻጸር ይቀላል። ፈጥነው የሚያድጉ ሴሎች በሦስት በአራት ቀን ውስጥ አብዛኛውን ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ኬሚስትሪው ብዙ ለማጥፋት ጊዜ አያገኝም።

የተለመደው ስቶክ (ወደ ሚዲያ እየተቀዳ የሚጨመረው ወፍራም ብጥብጥ) 200 ሚሊሞላር ሲሆን ለ100 ሚሊሊትር 2.92 ግራም ይመዘናል። ለ500 ሚሊሊትር ሚዲያ 5 ሚሊሊትር ሲጨመር 2 ሚሊሞላር ይሰጣል። በአውቶክሌቭ (በከፍተኛ ግፊት እንፋሎት) ማምከን አይታሰብም፤ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ማሳለፍ ነው ያለው። ከዚያ በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ቱቦ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። ግሉታሚን በ25 ዲግሪ በሊትር 42 ግራም ገደማ ብቻ ይሟሟል፤ ስቶኩ በሊትር 29 ግራም ይዟል። በቅዝቃዜ የመሟሟት አቅሙ ስለሚወርድ ከፍሪዘር የወጣው ቱቦ ሲቀልጥ ከታች ነጭ ደለል ይታያል፤ አንዳንዴ ቀጭን መርፌ የሚመስሉ ክሪስታሎች ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ይቀራሉ። ፈሳሹ በረዶ ስላልሆነ ብቻ ቀልጧል ብሎ ከላይ የሚቀዳ ሰው የሚወስደው የሳሳውን ክፍል ነው። ለመጀመሪያው ጠርሙስ የሚደርሰው ከታሰበው ያነሰ፣ ለመጨረሻው የሚደርሰው የበዛ ይሆናል። በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ፣ እየገለበጡ አማስሎ፣ ቱቦውን ወደ ብርሃን አንስቶ ምንም ቅንጣት አለመኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። እዚያው ውሃ ውስጥ ረስቶ ምሳ መውጣት ግን የራሱ ጥፋት አለው፤ ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል።

አላኒል-ግሉታሚን

ኤል-አላኒል-ኤል-ግሉታሚን ከሁለቱ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ዳይፔፕታይድ ነው። በብዙ ቤተ ሙከራዎች ግሉታማክስ በሚለው የንግድ ስም ይታወቃል፤ ሌሎች አምራቾችም በየራሳቸው ስም ይሸጡታል። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው። ግሉታሚንን የሚያፈርሰው የገዛ ነጻ አሚኑ ከሆነ፣ ያን አሚን በፔፕታይድ ትስስር ከአላኒን ጋር ማሰር ነው። የታሰረ አሚን የራሱን ጎን መንከስ አይችልም።

ውጤቱም ጉልህ ነው። በማቀዝቀዣ ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ በኢንኩቤተር ሙቀት ብዙም አይቀንስም፣ አውቶክሌቭንም ይቋቋማል። በውሃ የመሟሟት አቅሙ ከነጻው ግሉታሚን ከአሥር እጥፍ በላይ ስለሆነ የደለሉ ጣጣ የለም።

ሴሎች እንዴት ይጠቀሙበታል? በገጻቸው ላይ ያሉና ወደ ሚዲያው የሚለቋቸው ፔፕቲዴዝ ኢንዛይሞች ትስስሩን ይቆርጡታል፤ ግሉታሚኑና አላኒኑ ተለያይተው ይገባሉ። ወደ ሚዲያው በሚጨመረው ሴረም (ከደም በተለየ ፈሳሽ) ውስጥም እንዲህ ያሉ ኢንዛይሞች አሉ። ግሉታሚኑ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ስለሆነ ሴሉ ከሚያስፈልገው በላይ አይጎርስም።

ለአምስትና ለሰባት ቀን ሚዲያ ሳይለወጥ ለሚካሄድ ባህል (በሚዲያ ውስጥ ለሚያድጉ ሴሎች)፣ በፋብሪካ ደረጃ ፀረ እንግዳ አካላትን ለሚያመርቱ ሴሎች፣ ጥቂት ሴሎች ለረጅም ጊዜ በብዙ ሚዲያ ውስጥ ለሚቀመጡበት ሥራ ምርጫዬ ይህ ነው። ለነርቭ ሴሎችም በሰፊው ይሠራበታል፤ እነዚህ ሴሎች ለሳምንታት በሳህናቸው ይቆያሉ፣ በየቀኑ እንዲረበሹም አይፈልጉም።

ማስታወቂያዎቹ ግን አንድ ነገር አለስልሰው ያልፋሉ። «አሞኒያን ያስወግዳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በሚዲያ ውስጥ አሞኒያ ከሁለት በኩል ይመጣል። አንደኛው ከላይ ያየነው ኬሚካላዊ መፍረስ ነው፤ ዳይፔፕታይዱ ይህን በር ይዘጋል። ሁለተኛው ሴሉ ራሱ ነው። ግሉታሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም ግሉታሚንን ወደ ግሉታሜት ሲለውጥ አንድ አሞኒያ ይለቃል፤ ግሉታሜት ዲሃይድሮጅኔዝ ሲቀጥል ሌላ ይጨመራል። ዳይፔፕታይዱ ተቆርጦ ከገባ በኋላ ያው ግሉታሚን ነው፤ ሴሉም ያንኑ ያደርግበታል። ሚዲያውን በፍጥነት የሚጨርሱ ጥቅጥቅ ያሉ ባህሎች ላይ አሞኒያው የሚመጣው በዋናነት ከሴሎቹ ስለሆነ ነጻውን ግሉታሚን በዳይፔፕታይዱ በመተካት የሚገኘው ጥቅም ከተስፋው ያንሳል።

ሌላው መዘዝ ልኬት ላይ ይታያል። ግሉታሚንን በኢንዛይም የሚለኩ መሣሪያዎች የሚያዩት ነጻውን ብቻ ነው። አዲስ የተዘጋጀ የዳይፔፕታይድ ሚዲያ ናሙና ሲገባባቸው ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ያወጣሉ፤ ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደንግጦ ተጨማሪ ግሉታሚን ሊጨምር ይችላል። ሴሎቹ እየቆረጡት ሲሄዱ ደግሞ ንባቡ ከፍ ይላል፤ ሴል በበዛ ቁጥር ግሉታሚን የሚጨምር ይመስላል። መለካት የሚፈለግ ከሆነ ዳይፔፕታይዱን ራሱን በክሮማቶግራፊ መለየት ያስፈልጋል።

አላኒኑም ተመልካች ብቻ አይደለም። በእያንዳንዱ ግሉታሚን አንድ አላኒን ይገባል። አላኒን ሴሎች ራሳቸው ከፓይሩቬት እየሠሩ ወደ ውጭ የሚያወጡት ነገር ስለሆነ፣ የናይትሮጅንን ሒሳብ ለሚሠራ ሰው ይህ ተጨማሪ ገቢ መዝገቡን ያዛባበታል።

ሚዛን ላይ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የአላኒል-ግሉታሚን ሞለኪውላዊ ክብደት 217.22 ነው። በነጻው ግሉታሚን ቦታ ግራም በግራም የተካ ሰው 2.92 ግራም በ100 ሚሊሊትር ቢበጠብጥ የሚያገኘው 200 ሳይሆን 134 ሚሊሞላር ብቻ ነው። መተካካቱ በሞል እንጂ በክብደት አይደለም፤ ትክክለኛው 4.34 ግራም ነው።

ሴረም በሌለው ሚዲያ፣ በሳህን ውስጥ አንድ ሴል ብቻ ተዘርቶ ዘር እንዲያበዛ ሲጠበቅ፣ ቆራጩ ኢንዛይም ጥቂት ስለሚሆን ጅማሬው ሊዘገይ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ነጻ ግሉታሚን መደረብ አይከፋም።

ግላይሲል-ግሉታሚን

በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ሲሆን አላኒኑ በግላይሲን ተተክቷል። መቋቋሙ ጥሩ ነው፤ ሴሎች ግን የሚቆርጡት በቀላሉ አይደለም። ከነጻ ግሉታሚን በቀጥታ ሲዛወሩ የሚያንቀላፉ፣ ቀስ በቀስ እስኪለምዱት ድረስ ጊዜ የሚፈልጉ ሴሎች ብዙ ናቸው። ለተራ ሥራ የምመክርበት ምክንያት አይታየኝም። አላኒን ውጤቱን የሚያበላሽበት ሙከራ ካለ ብቻ ሊታሰብ ይችላል። የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ውሃ የያዘው ቅርጽ መሆኑን ይወቅ፤ ለ100 ሚሊሊትር የ200 ሚሊሞላር ስቶክ የሚመዘነው 4.42 ግራም እንጂ ያለ ውሃው የሚሰላው 4.06 ግራም አይደለም።

ያለ ግሉታሚን፣ በግሉታሜት

አንዳንድ ሴሎች ግሉታሚን ሲንቴቴዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ ግሉታሜትንና አሞኒያን አጋጥሞ ግሉታሚን ይሠራል። እንዲህ ያለውን ሴል በግሉታሜት ማሳደግ ማለት አሞኒያን ከማመንጨት ይልቅ እንዲበላው ማድረግ ነው። ለዚህም ነው የባዮቴክኖሎጂ ኢንዱስትሪው ይህን መንገድ የወደደው።

በጣም የሚታወቀው ምሳሌ ኤንኤስዜሮ የሚባለው የአይጥ ማይሎማ (የደም ካንሰር ዓይነት) ሴል ነው። በራሱ በቂ ግሉታሚን ሲንቴቴዝ ስለሌለው ግሉታሚን ከሌለ ይሞታል። ሊመረት የሚፈለገው የፕሮቲን ጂን ከግሉታሚን ሲንቴቴዝ ጂን ጋር አንድ ላይ ሲገባለትና ግሉታሚን ወደሌለበት ሚዲያ ሲዛወር የሚተርፉት ሁለቱንም የተቀበሉት ብቻ ይሆናሉ። ከቻይና ሃምስተር እንቁላል እጢ የመጡት ሲኤችኦ ሴሎች ግን የራሳቸው ኢንዛይም ስላላቸው ብቻውን ግሉታሚን መንፈግ አይለያቸውም፤ ሜቲዮኒን ሰልፎክሲሚን በተባለ አጋች ያንን የገዛ ራሳቸውን ኢንዛይም ማፈን፣ ወይም ጂኑ አስቀድሞ የተሰረዘለትን ዘር መጠቀም ያስፈልጋል።

ለተራ ተመራማሪ ግን ይህ አቋራጭ አይደለም። ብዙ ሴሎች ግሉታሜትን ከውጭ በደንብ አያስገቡም፤ ኢንዛይሙም ያለው ሁሉም ጋር አይደለም። የነርቭ ሴሎች ላይ ደግሞ ጭራሽ አደገኛ ነው። ግሉታሜት የነርቭ ሴሎች መልእክት ማስተላለፊያ ስለሆነ በሚሊሞላር መጠን ሲጨመር ተቀባዮቻቸውን ከልክ በላይ ቀስቅሶ ይገድላቸዋል። ስለ ኬሚካሉ ቅርጽም አንድ ቃል፦ ነጻው ኤል-ግሉታሚክ አሲድ በሊትር 9 ግራም እንኳ በቅጡ አይሟሟም፤ የሶዲየም ጨዉ ግን በቀላሉ ይሟሟል፣ ስለዚህ የሚገዛው ጨዉ ነው።

ሜታቦሊዝም ለሚያጠና ሰው

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሴሉ እንዲያድግ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ነው። ጥያቄው ራሱ ስለ ግሉታሚን ሲሆን፣ ለምሳሌ የካንሰር ሴል ያለ ግሉታሚን ምን እንደሚሆን ወይም ግሉታሚኔዝን የሚያግድ መድኃኒት ምን እንደሚያደርግ ሲጠና፣ ዳይፔፕታይዱ ከምርጫ ይወጣል። ምን ያህል ግሉታሚን በየትኛው ሰዓት ለሴሉ እንደደረሰ መናገር አይቻልምና። ግሉታሚን የሌለውን መሠረታዊ ሚዲያ ገዝቶ፣ የታወቀ መጠን ያለው ነጻ ግሉታሚን በዕለቱ መጨመር ነው የሚያዋጣው። መጠኑም ወደ ደም ቢጠጋ ይሻላል፤ በ4 ሚሊሞላር የታየ ባሕርይ በ0.6 ሚሊሞላር ላይደገም ይችላል።

ሴረሙ የሚረሳ ጠላት ነው። አሥር በመቶ ተራ ሴረም የራሱን አሚኖ አሲዶች ይዞ ይገባል። «ግሉታሚን የለውም» የተባለ ሚዲያ በእርግጥ የሌለው እንዲሆን ትንንሽ ሞለኪውሎች በዳያሊሲስ የወጡለት ሴረም ያስፈልጋል።

ግሉታሚን ወዴት እንደሚሄድ ለመከታተል በከባድ አይሶቶፕ (ክብደቱ ከተለመደው በጨመረ የዚያው ንጥረ ነገር አቶም) የተሠሩ ቅርጾች ይሸጣሉ። ውድ ስለሆኑ በትክክል መምረጥ ያዋጣል። ካርቦኑ ወዴት እንደሚፈስ ለሚጠይቅ ሰው አምስቱም ካርቦኖቹ ካርቦን 13 የሆኑለት ነው ተመራጩ። በተለመደው የዑደቱ አቅጣጫ ሲሄድ አንዱን ካርቦን ጥሎ አራት ከባድ ካርቦን የያዘ ሲትሬት ይሰጣል፤ ሴሉ ወደ ኋላ ካስኬደው ደግሞ አምስቱንም የያዘ ሲትሬት ይታያል። አንድ ልኬት ሁለቱን መንገዶች ይለያል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሙከራ ጥቂት ነው።

ጥያቄው ስለ ናይትሮጅን ከሆነ የትኛው ናይትሮጅን የሚለው መወሰን አለበት። የጎን ሰንሰለቱ አማይድ ናይትሮጅን ወደ ፑሪንና ፒሪሚዲን፣ ወደ አስፓራጂንና ወደ ግሉኮሳሚን ይሄዳል። ሌላው፣ የአልፋው ናይትሮጅን፣ በትራንስአሚኔሽን ወደ አላኒንና ወደ አስፓርቴት የመሳሰሉት ይተላለፋል። ሁለቱም ናይትሮጅን 15 የሆኑበትን ገዝቶ በኋላ ለመለየት መታገል ከመጀመሪያው አንዱን ብቻ ከመምረጥ ይከብዳል።

በማስ ስፔክትሮሜትር ለሚለካ ሰው ሁለት ማሳሰቢያ። ግሉታሚንና ላይሲን በሙሉ ቁጥር ሲታዩ ክብደታቸው እኩል 146 ነው፤ ልዩነታቸው 0.036 ብቻ ስለሆነ ዝቅተኛ የመለየት አቅም ያለው መሣሪያ በክብደት ብቻ አይለያቸውም። ከዚህ ሌላ፣ ግሉታሚን በመሣሪያው የአዮን ምንጭ ውስጥም ቀለበት ሠርቶ ፒሮግሉታሜት ይሆናል። የታየው ፒሮግሉታሜት ከሴሉ ይምጣ ከመሣሪያው ሊታወቅ የሚችለው በክሮማቶግራፊ የወጣበት ሰዓት ሲታይ ነው፤ ከግሉታሚን ጋር እኩል ሰዓት የወጣው የመሣሪያው ሥራ ነው።

ሲገዙ የሚነበበው

በመጀመሪያ የሚነበበው አዲሱ ኬሚካል ላይ ያለው ጽሑፍ አይደለም፤ በእጅ ያለው የሚዲያ ጠርሙስ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው ሚዲያ ግሉታሚን ያለው፣ የሌለውና ዳይፔፕታይድ የገባበት ሆኖ ይሸጣል፤ የሚለየው በካታሎግ ቁጥሩና ከስር ባለች አንዲት ትንሽ መስመር ነው። ግሉታሚን ባለው ላይ በልማድ 5 ሚሊሊትር መደረብ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ዱቄት ሲታዘዝ ከስሙ ይልቅ የሲኤኤስ መለያ ቁጥሩ (ለእያንዳንዱ ኬሚካል የሚሰጠው የራሱ ቁጥር) ይታመን፤ እሱም ቢሆን በጥንቃቄ። የኤል-ግሉታሚን ቁጥር 56-85-9 ነው፤ የኤል-ግሉታሚክ አሲድ ደግሞ 56-86-0። ስማቸው እንደሚመሳሰል ሁሉ ቁጥራቸውም ጎረቤት ነው፣ መደርደሪያ ላይም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። አላኒል-ግሉታሚን 39537-23-0 ስለሆነ ከእነሱ ጋር አይምታታም። «ኤል» የሚለው ፊደል መኖሩም ይታይ፤ ኤል ቅርጹና የመስታወት ምስሉ የሆነው ዲ ቅርጽ የተቀላቀሉበት ዱቄት ግማሹ ለሴል የማይጠቅም ነው።

ንጽህና 99 በመቶ የሚለው ከሁሉም አምራች ዘንድ ይገኛል። ለሴል ሥራ የሚለየው «ለሴል ባህል የተፈተነ» መሆኑና በትንተና ምስክር ወረቀቱ ላይ የኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያ ግድግዳ የሚቀር መርዝ) መጠን መጻፉ ነው። ግሉታሚን በአብዛኛው በባክቴሪያ ፍላት ስለሚመረት የባክቴሪያ ቅሪት ጉዳይ የወሬ አይደለም፤ በተለይ የበሽታ መከላከያ ሴሎች በጥቂት ኢንዶቶክሲን ይቀሰቀሳሉ። ለስፖርተኞች የሚሸጠው የግሉታሚን ዱቄት ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አልተፈተነም። ለምርምር የተሸጠውም በበኩሉ ሰው እንዲወስደው የተዘጋጀ አይደለም።

ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዛወር የወሰነ ሰው በሥራ መሐል ባያደርገው ይመረጣል። ከተመሳሳይ ቱቦ የወጡ ሴሎችን በሁለቱም ሚዲያ ጎን ለጎን አሳድጎ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተከፋፍለው ወደ አዲስ ሳህን እስኪዛወሩ የመባዛት ፍጥነታቸውን መቁጠር ይበቃል። ልዩነት ካልታየ መለወጥ ይቻላል፤ ከታየ ደግሞ የቆየው ሙከራ በቆየው ሚዲያ ይጠናቀቅ። ውጤቱ ሲጻፍ «ግሉታሚን ተጨምሯል» ማለት ለሌላ ሰው ምንም አይነግርም። የቱ ቅርጽ፣ በስንት ሚሊሞላር፣ ሚዲያው ከመዋሉ ከስንት ቀን በፊት እንደተጨመረ በአንድ መስመር መግለጽ ይቻላል፤ በጠርሙሱ ላይም በእርሳስ ሳይሆን በማይጠፋ ቀለም፣ የተጨመረበት ቀን ይጻፍ።